ቀሰም ውስጥ የታጨቀ ምስር

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ሙሉውን የተናገርኩት ለሦስት ሰዎች ብቻ ነው፤ ለንስሐ አባቴ፣ ለቤት አከራዬ፣ እና ሆስፒታል ተኝታ ለነበረች አንዲት ሴት። አራተኞቹ እናንተ ናችሁ። ስንት ጊዜ ልጽፈው ተቀምጬ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ትቼዋለሁ። እጄን የያዘው በሽታው አይደለም፤ ከአፌ የወጣች አንዲት ቃል ናት። ቦታዋ ሲደርስ ታገኟታላችሁ።

ጊዜው የሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከደብረ ታቦር መጥቼ የላቦራቶሪ ትምህርቴን እንደጨረስኩ ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ገባ ብሎ የሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ ተቀጠርኩ። የምኖረው ጉርድ ሾላ ነው፤ እትዬ ዘሀራ የሚባሉ የወሎ ሴት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ። ጠዋት ኪዳን አድርሼ በመገናኛ በኩል ሁለት ታክሲ ቀይሬ ሥራ እገባለሁ፤ ማታ እንደዚያው እመለሳለሁ። ከአዲስ አበባ የማውቀው ይህንኑ መንገድ ነበር። ዘመድ የለኝም። እናቴ በምትልክልኝ ደብዳቤ ሁሉ መጨረሻው አንድ ነው፤ «አደራ ራስሽን ጠብቂ፤ ካንቺ ሌላ የለኝም።»

የለኝም ያለችው እውነቷን ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ ጠዋት ጠዋት ፊቱ ንብ የነደፈው እየመሰለ ያብጥ ጀመር። ማታ ማታ ደግሞ እብጠቱ ወደ እግሩ ይወርዳል። መጀመሪያ እንቅልፍ ነው አልን፤ ከዚያ ምች ነው አልን። ጎንደር ሆስፒታል ስናደርሰው ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራ አንድ ደግ ሰው በር ላይ ቆሜ ስቁለጨለጭ አይቶ «ነይ፣ አንቺም እዪው» ብሎ በማይክሮስኮፑ አሳየኝ።

«ምን ይመስልሻል?»

«ቀሰም ውስጥ የታጨቀ ምስር» አልኩት።

ሳቀ። ወዲያው ሳቁን ዋጠው። «ምስሩ የደም ሕዋስ ነው። ቀሰሙ የኩላሊቱ የቀጭን ቧንቧ ቅርጽ ነው። ይህ ከታየ ደሙ የሚመጣው ከሌላ ቦታ አይደለም፤ ከራሱ ከኩላሊቱ ነው። ቀድማችሁ ብትመጡ ኖሮ መድኃኒት ነበረው።»

በዓመቱ ቀበርነው። እኔ ላቦራቶሪ የተማርኩት በዚያች ምስር ምክንያት ነው። በሥራዬም ጥንቁቅ ነበርኩ፤ አንድ መዝገብ ሦስቴ የማነብ፣ ቆልፌው የወጣሁትን በር ተመልሼ የምነካ ዓይነት ሰው።

በዚያ ዓመት የክሊኒካችን ባለቤት፣ ሁላችንም ዶክተሩ እያልን የምንጠራቸው፣ ከውጭ አገር አንድ ማሽን አስመጡ። ስሙ ረጅም ስለነበር እኛ «ፎቶ አንሺው» አልነው። ሥራው የሽንት ምርመራ ነው። ሽንቱ እንደ ፀጉር በቀጠነ የመስተዋት መተላለፊያ ውስጥ ሲያልፍ ውስጡ ያለ ካሜራ ብልጭ ብልጭ እያለ እያንዳንዷን ሕዋስና ቅንጣት ፎቶ ያነሳል፤ ከዚያም ትንሹን ከትንሽ፣ ትልቁን ከትልቅ እየለየ በቴሌቪዥን መስኮት ላይ ይደረድረዋል። የአንዲት ጠብታ ውስጥ እንደ ክፍል ተማሪ ተሰልፎ ይታያል። እኛ በማይክሮስኮፕ አንገታችን እስኪቆለመም የምንፈልገውን እሱ አንድ ስኒ ሻይ ሳይጠጣ ይጨርሰዋል።

የሥራ ባልደረባዬ ደረጀ ይህን ማሽን እንደ ልጁ ነበር የሚወደው። የመርካቶ ልጅ ነው፤ አፉ አያርፍም። «የዘንድሮ ሽንት እኮ ዕድለኛ ነው፤ እኔ እንኳን ፎቶ የተነሳሁት ለመታወቂያ ነው» ይላል።

ማሽኑ በየጠዋቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የአንድ ጤነኛ ሰው ሽንት እንዲሰጠው ዶክተሩ አዘዋል፤ ጤነኛውን አይቶ እንዲነሳ። ጤነኞቹ እኛው ሠራተኞቹ ነን፤ በተራ እንሰጣለን። የእኔ ተራ ማክሰኞ ነበር፤ ዐቢይ ጾም ከገባ ሦስተኛው ሳምንት። ሴት ነኝ፤ ስሜ ከነሽንቴ መስኮት ላይ ተለጥፎ ወንድ ሁሉ ሲያየው አልወደድኩም። ስለዚህ ኩባያው ላይ «ስንዱ» ብዬ አልጻፍኩም። የክርስትና ስሜን ጻፍኩ፦ ወለተ ማርያም። ማን ያውቀዋል ብዬ።

ኩባያውን ደረጀ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እኔ በሌላው ክፍል ደም ስቀዳ አረፈድኩ። ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉም ምሳ ወጣ። እኔ ጾመኛ ነኝ፤ የምሄድበት የለኝም። ማሽኑ ክፍል ውስጥ ማንም አልነበረም። መስኮቱ በርቷል፤ ከላይ ስሜ ተጽፏል። እስቲ የእኔ ምን ይመስላል ብዬ ጠጋ አልኩ።

መጀመሪያ ያየሁት ትንንሾቹን ነው፤ ክብ፣ ጥርት ያሉ፣ ብዙ። የደም ሕዋስ። ወደ ትልልቆቹ አለፍኩ።

እዚያ ነበር። ቀሰም ውስጥ የታጨቀ ምስር።

አንድ አይደለም። ሰባት ቆጠርኩና ስምንተኛው ላይ ዓይኔ ጨለመ። ወንበር ፈልጌ አልደረስኩበትም፤ መሬት ተቀመጥኩ። ከመሬት ሆኜ ቀና ብዬ ሳየው መስኮቱ እንደ መቃብር ሐውልት መሰለኝ፤ ከላይ ስም፣ ከታች ምክንያቱ።

በደረጃው ላይ የደረጀን ሳቅ ስሰማ ተነሳሁ። ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ። ሥዕሉን በወረቀት አተምኩት። ከዚያ ማጥፊያውን ተጭኜ ከማሽኑ ላይ ሰረዝኩት። ዶክተሩ ቢያዩት «ይህች ማናት?» ይላሉ፤ ከዚያ ያዝናሉ፤ ከዚያ ያሰናብቱኛል። እናቴ ትሰማለች። ወረቀቱን አራት አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ካለው ዳዊት ገጾች መሃል ከተትኩት።

«ምነው ፊትሽ?» አለ ደረጀ ገባ ብሎ።

«ጾም ነው።»

«እግዚአብሔር እኮ ብዪ ብሎሻል፤ አንቺ ነሽ የማትሰሚው።»

ይህን የምታነቡ፣ ለምን ያን ጊዜውኑ እንደገና አልተመረመርሽም ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ከሰዓት በኋላ አዲስ ኩባያ ይዤ መጸዳጃ ቤት ገባሁ፤ ባዶውን ይዤ ወጣሁ። እየፈሩ ያለማወቅ አንድ ነገር ነው፤ አውቆ መፍራት ሌላ። ነገ አልኩ። በነጋታው ጠዋት ደግሞ ሴት ልጅን በየወሩ የሚገጥማት ገጠመኝ። በዚያ ጊዜ የሚታይ ደም ምስክር አይሆንም፤ ቤተ ክርስቲያንም አይገባም። የሁለቱም በር በአንድ ጠዋት ተዘጋብኝ ብዬ ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ሰበብ ነበር፤ ደሙ ቢደባለቅም ቀሰሙን መለየት እችል ነበር።

ረቡዕ እንዴት እንደዋለ እኔ ነኝ የማውቀው። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «መገናኛ! መገናኛ!» ሲል እኔ ጎንበስ ብዬ በአውራ ጣቴ ቅልጥሜን እጫናለሁ፤ ጣቴን ሳነሳ ቆዳዬ ሰርጉዶ ይቀራል ወይስ ይመለሳል? ይመለሳል። እንደገና እጫናለሁ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ «ልጄ፣ ቁንጫ ነው?» አሉኝ። ቀን ሙሉ ቆሜ ውዬ ማታ ጫማዬ ሲጠብቀኝ፣ ይኸው ወረደ፣ እንደ ወንድሜ ወደ እግሬ ወረደ አልኩ። ለእናቴ ደብዳቤ ጀምሬ «ይድረስ ለምወድሽ» ከሚለው አላለፍኩም። እጸልያለሁ፤ ጸሎቴ ግን ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ «ከእኔ አርቀው። ከእኔ አርቀው።» ወዴት እንደሚርቅ፣ ማን ላይ እንደሚያርፍ አንድ ጊዜ እንኳን አላሰብኩም።

ሐሙስ ጠዋት ግቢ ውስጥ ከቧንቧው አጠገብ ቆሜ በትንሿ መስተዋቴ ፊቴን አያለሁ። እትዬ ዘሀራ ባልዲያቸውን እየሞሉ ናቸው።

«ስንዱ፣ ይሄ መስተዋት ዛሬ ባል ሊያመጣልሽ ነው እንዴ? ሦስት ጊዜ አየሽው።»

«እትዬ፣ ፊቴ አብጧል?»

ባልዲውን ትተው መጡ። አገጬን ይዘው ወደ ፀሐይ አዞሩኝ። «ያበጠስ ዓይንሽ ነው፤ እሱም በልቅሶ። ምን ሆነሻል? ዋሽተሽ ደግሞ እንዳታስቀይሚኝ።»

ነገርኳቸው። ወንድሜን፣ ምስሩን፣ ወረቀቱን፣ ሁሉንም። ወረቀቱን አውጥቼ ሳሳያቸው ገልብጠው አዩት፤ ፊደል አይቆጥሩም።

«እንግዲህ ታመሻል ያለሽ ማነው?»

«ማሽኑ።»

«ማሽኑ ያንቺ መሆኑን በምን አወቀ?»

«ስም ተጽፎበታል።»

«ስንዱ ተብሎ?»

«አይ… ወለተ ማርያም ተብሎ።»

«እሷ ደግሞ ማናት?»

«እኔ ነኝ እትዬ። የክርስትና ስሜ ነው።»

ውኃው ከባልዲው ሞልቶ ይፈሳል፤ እትዬ ዘሀራ ውኃ ሲባክን ዝም ብለው ያዩት ያን ቀን ብቻ ነው።

«እኔ ያልተማርኩ ነኝ፤ አትሳቂብኝ። አገሬ ገበያ መሃል ቆሜ ‹ፋጡማ!› ብዬ ብጣራ አሥር ሴት ዘንቢሏን ይዛ ትዞራለች። በዚህ አዲስ አበባ በሚያህል አገር ወለተ ማርያም አንቺ ብቻ ነሽ?»

ነጠላዬን አንስቼ ሮጥኩ።

ክሊኒኩ የደረስኩት ከጽዳት ሠራተኛዋ ቀድሜ ነው። የካርድ ክፍሉን መዝገብ ገለጥኩ። የማክሰኞን ገጽ በጣቴ ወረድኩበት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… አሥራ አራተኛው ላይ ጣቴ ቆመ። «ወለተ ማርያም። ዕድሜ 34። አድራሻ፦ ሳሊተ ምሕረት።» የአባት ስም የሚጻፍበት ባዶ ነው። ከጎኑ በደረጀ እጅ፦ «የሽንት ምርመራ፤ ምንም የለም።»

እንግዲህ ያቺ ቃል ይህች ናት። አሥራ አራተኛዋን መስመር አንብቤ፣ ሌላ ሴት እንዳለች አይቼ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ተመስገን!» አልኩ። ሁለት እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ። አልቅሼ። ሞት ከእኔ ላይ ተነስቶ በስም የተጻፈች ሌላ ሴት ላይ ሲቀመጥ እያየሁ ተመስገን አልኩ።

ስንት ትንፋሽ እንደቆየሁ አላውቅም። ከዚያ «ምንም የለም» የሚለውን እንደገና አነበብኩት። ከራሴ የወጣው ፍርሃት ዞሮ በሌላ በር ገባ። የእኔን ንጹህ ወረቀት ይዛ ሄዳለች። የእሷን በሽታ እኔ በእጄ ሰርዤዋለሁ። በዓለም ላይ የቀረው ምስክር ዳዊቴ ውስጥ ያለው ወረቀት ብቻ ነው።

የካርድ ክፍሏ ሄለን ስትገባ ክንዷን ያዝኳት።

«ማክሰኞ የመጣችው ወለተ ማርያም ምን ትመስላለች?»

«መነኩሲቷ?»

«መነኩሲት ናት?»

«ነጭ በነጭ ለብሳ፣ መቁጠሪያ አንገቷ ላይ አድርጋ ነዋ። ስም ስላት ወለተ ማርያም አለችኝ፤ መነኩሲት ናት ብዬ የአባት ስም አልጠየቅኩም። የመነኩሴ አባት ስም ይጠየቃል እንዴ?» ከዚያ ፊቴን አይታ ቀዘቀዘች። «ዓይኗ አካባቢ ስታለቅስ ያደረች ነበር የምትመስለው። ምነው?»

ደረጀ መጣ። ወረቀቱን ሰጠሁት። አነበበና የሆነውን ራሱ አንድ በአንድ ፈታው። ጠዋት መጀመሪያ የሠራው የእኔን ኩባያ ነበር፤ ስሙን ስላላወቀው የታካሚ መሰለው፤ ንጹሁ ውጤት ታትሞ ወጣ። ረፋድ ላይ ከካርድ ክፍል የወለተ ማርያም ትእዛዝ ከኩባያዋ ጋር መጣ። እሱ ስሙን ሲያይ ውጤቱ ታትሞ ተቀምጧል፤ አያይዞ ሰጣት። የተረፈውን ኩባያ የዘገየው የጤነኛው ነው ብሎ በመጨረሻ ሠራው፤ ሥዕሉን ሳያይ ምሳ ወጣ። እሱ ነው መስኮቱ ላይ የቆየኝ።

«ወለተ ማርያም አንቺ ነሽ?» አለኝ። «ስንዱ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፍሬ ነው።»

አፉ የማያርፈው ሰውዬ ያን ቀን ቀልድ አልወጣውም። ሽንቴን በማይክሮስኮፕ ግማሽ ሰዓት ፈለገበት፤ ደም አለ፣ ቀሰም የለም። አንድም የለም። ያን ጊዜ ግን ደስታው አልመጣልኝም። ቀድሜ ጨርሼዋለሁ።

ዶክተሩ ፊት ቆመን ሁሉንም ስንነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይህ ዓይነቱ ቀን አይሰጥም» አሉ። «አንዳንዱ በሳምንታት ኩላሊቱን ይዞት ይሄዳል። የኩላሊት ማጠቢያ በዚህ አገር ለማን ይደርሳል? ሴትዮዋን ፈልገሽ አምጪልኝ። ስለ ሥራሽ ኋላ እንነጋገራለን።»

ቀላል መስሎኝ ወጣሁ። ከመገናኛ በሲኤምሲ መንገድ የሚሄድ ታክሲ ተሳፈርኩ። ያን ጊዜ ሳሊተ ምሕረት እንደ ዛሬው አይደለም፤ ከአስፋልቱ ወረድ ካላችሁ እርሻ ነው፣ አልፎ አልፎ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ወደ አያት በኩል ደግሞ ዓይን እስኪደክም ሜዳ። በየሱቁ፣ በየወፍጮ ቤቱ «ወለተ ማርያም የምትባል ሴት ታውቃላችሁ?» እያልኩ ጠየቅኩ። ሰው ትከሻውን ይሰብቃል። አራተኛው ሱቅ ላይ ነው የገባኝ። በክርስትና ስሙ ጎረቤት የሚያውቀው ሰው የለም። ያን ስም የሚያውቁት እግዚአብሔርና የንስሐ አባቷ ናቸው።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቀናሁ። እንዳልገባ የወሩ ነገር ይዞኛል፤ ከቅጥሩ በር ውጭ፣ ከለማኞቹ መሃል ቆምኩ። ፀሐዩ ጭንቅላት ይበሳል። ሥዕለ ማርያም ያለበት በኩል ማየት አፈርኩ፤ ተመስገን ያልኩበት አፌ ገና ይጣፍጠኝ ነበር፣ እሱ ነው ያስፈራኝ። ሰዓቱ ሄደ። ሰባት ሰዓት። ስምንት ሰዓት። ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሽማግሌ ቄስ ሲወጡ ጠጋ ብዬ መስቀል ሳልሳለም ጎንበስ አልኩ። ገባቸው፤ በሩቁ ባረኩኝ።

«አባቴ፣ ወለተ ማርያም የምትባል ሴት እፈልጋለሁ።»

ሳቁ። «ልጄ፣ እዚህ ግቢ ወለተ ማርያም ብለሽ ብትጣሪ ግማሹ ሴት ዞሮ ያይሻል።»

«እኔም ነኝ አባቴ። እኔ የምፈልጋት የታመመችውን ነው። ጠዋት ፊቷ ያብጣል። ነጭ ለብሳ መቁጠሪያ ያደረገች።»

ሳቃቸው ቆመ። «ከጸበል በቅርብ የመጣችው? ብርቱካን ትሆናለች፤ የከባድ መኪና ሹፌሩ ሚስት። አራት ወር ጸበል ነበረች፤ እዚያ በክርስትና ስም ነው የሚጠራሩት፣ ለምዶባት ይሆናል። እሷ ግን እኮ ዳነች። ትናንት ለስለቷ ጥላ አስገባች። ሐኪም መርምሮ ምንም የለብሽም አለኝ ብላ እልል ስትል እዚህ በር ላይ አየኋት። ነገ ጠዋት ወልድያ ለእናቷ ልትነግር ትሄዳለች።»

ቅጥሩን ያዝኩ። በእኔ ሽንት ስለት አስገብታለች።

«አባቴ፣ ቤቷን ያሳዩኝ። አልዳነችም።»

የነገሩኝ ቤት በእርሻ መሃል አቋርጦ ነው። መንገዱ አቧራ ነው፤ ሁለት ውሻ ከኋላዬ ይጮሃል፤ እኔ የምፈራው ውሻውን አልነበረም። በልቤ የምላትን አዘጋጃለሁ፤ አንዱም አፌ ላይ አይቆምም። ምን ብዬ ልጀምር? የሰው ደስታ በእጅ ይዞ መሄድ እንኳን ያስፈራል፤ ሊነጥቁ መሄድማ እንዴት ያለ ነው? እግሬ እየሄደ ልቤ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ወልድያ ትሂድ፣ እዚያ ሌላ ሐኪም ያገኝባታል አለኝ አንድ ድምፅ። የወንድሜን ፊት ባላስታውስ ኖሮ እሰማው ነበር ብዬ እፈራለሁ።

በሩን የከፈተችው ራሷ ናት። ነጩን አውልቃ አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሳለች፤ ፀጉሯን አዲስ ተሠርታለች። ክፍሉ መሃል ሻንጣ ተከፍቶ፣ የአራት ዓመት ሴት ልጇ ውስጡ ተቀምጣለች። ፊቷን አየሁ። ከዓይኗ በታች፣ ጉንጯ ላይ፣ አውቀዋለሁ። እናቴ ቤት አውቀዋለሁ።

«ደህና ዋልሽ እህቴ? ማን ልበል?»

ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ። «ወለተ ማርያም እባላለሁ» አልኩ።

«አይ! እኔም እኮ ነኝ!» ብላ ሳቀች። «ግቢ፣ ግቢ፤ ሞክሼዬ።»

«ከክሊኒክ ነው የመጣሁት። ማክሰኞ የወሰዱት ወረቀት የእርስዎ አይደለም። የእኔ ነው። የእርስዎ ይኸውና።» ዳዊቱን ከፍቼ ወረቀቱን ሰጠኋት።

ለረጅም ጊዜ አየችው። ምን እንደሆነ አላወቀችም፤ ግን ፊቴን አነበበች። ልጇ ከሻንጣው ውስጥ «እማዬ፣ መኪናው መጣ?» ትላለች።

«አልመጣም የኔ እናት» አለቻት። ከዚያ ለእኔ፣ ቀስ ብላ፤ «ሁለት ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ» አልኳት። «ሁለት ቀን ሙሉ እኔ ስፈራልዎት ነበር።»

አልጮኸችም። ልጇን ጎረቤት ሰጥታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለችኝ። ታክሲ ውስጥ እጄን ያዘች፤ እስከ ቦሌ አልለቀቀችውም። ዶክተሩ አይተዋት የዚያኑ ዕለት ደብዳቤ ጽፈው ትልቁ ሆስፒታል አስተኟት። እኔን አላባረሩኝም። ማስጠንቀቂያ ጻፉልኝ፤ ይገባኛል።

ሁለት ወር ተኝታለች። ቶሎ ቶሎ እጠይቃታለሁ። መጀመሪያ ላይ ፊቷ አብጦ ዓይኗ ሲጠፋ፣ ከአልጋው ግርጌ ቆሜ ወንድሜን ሁለተኛ የምቀብር መስሎኝ እመለስ ነበር። ከዚያ መድኃኒቱ ያዘላት። ኩላሊቷ እንደ ድሮው አልሆነም፤ ግን ቆመች። አንድ ቀን ተደግፋ ተቀምጣ ብርቱካን እየላጠች፣ «የስሜን ፍሬ ብዪ» ብላ አንድ ጉማጅ ሰጠችኝና ድንገት ጠየቀችኝ።

«እውነቱን ንገሪኝ። በሽታው የእኔ መሆኑን ያወቅሽ ዕለት ምን አልሽ?»

ልዋሽ እችል ነበር። ጾም አልነበረም፣ ግን ብርቱካኑን መዋጥ አቃተኝ።

«ተመስገን አልኩ።»

መስኮቱን አየች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ያለቀሰች መስሎኝ ልነሳ ስል ሳቋ ወጣ።

«እኔስ! በአንቺ ሽንት ጥላ አስገብቼ እልል አላልኩም?» እጄን መታ አደረገችኝ። «ሁለታችንም በሰው ነገር ነው ያመሰገንነው። እሱ ይቁጠረው።»

እሷ ይቅር ብላኛለች። እኔ ግን እነሆ ስንት ዓመቴ፣ ያን መስኮት ሳስብ አሁንም እጄ ይቀዘቅዛል። ማሽኑ አልዋሸም፤ ያየውን ነው ያሳየው። ከሥዕሉ በላይ ያለውን ስም ግን የጻፍነው እኛ ነን። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ሐኪም ቤት ስትሄዱ ስማችሁን ከነአባታችሁ፣ ከነአያታችሁ ተናገሩ፤ ቢሰለቻቸውም ድገሙላቸው። የሰጧችሁን ወረቀት «የእኔ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ደግ ቢሆን አብልጣችሁ ጠይቁ። እንደ እኔ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆማችሁ የምትጸልዩ ደግሞ «ከእኔ አርቀው» ስትሉ ቆም በሉና ማን ላይ ብላችሁ አስቡ።

እኔ ዛሬም ጉርድ ሾላ ነኝ። ስሜን ለጸሎት ስሰጥ ቄሱ አንድ ጊዜ «ወለተ ማርያም» ብለው ይጽፉና ወረቀቱን ሊያጥፉ ይላሉ።

«አባቴ፣ ሁለት ጊዜ ይጻፉልኝ» እላለሁ።

«አንድ ስም አይደል እንዴ ልጄ?»

«ሁለት ሰው ነን።»